የአሥራ ሁለት ተኩሉ ቀጠሮ

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

አልተሳሳተችም። ዛሬ ጤና ጣቢያው ስብሰባ ላይ ይህችን አንዲት ቃል ለማውጣት አፌ ተሳሰረ። እዚህ ልጻፋት፦ ጥሩዓለም አልተሳሳተችም።

ነገሩ የመጣው ባለፈው ሐሙስ ነው፣ ፍልሰታ በገባበት ዕለት። እማማ የሺ የሚባሉ የስኳር ሕመምተኛ ከደብረ ኤልያስ መጡ። ደማቸው ከምግብ በፊት ስለሚመረመር እህል አልቀመሱም። ካርዳቸው ላይ ቀጠሮው ሐሙስ ተብሎ ተጽፏል። የዕለቱ ዝርዝር ላይ ግን ስማቸው የለም። ለነገ ነው፣ ነገ ይምጡ ተባሉ። ተመልሰው ሲወጡ ጤና ጣቢያው በር ላይ ወደቁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፈዋል።

ካርዱ ላይ ቀኑን የጻፈችው ጥሩዓለም ናት። ካርድ ክፍል ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ማተሚያው ከተበላሸ ወዲህ ኮምፒውተሩ ቀጠሮ ሲሰጥ ብቅ የምትለውን ትንሽ መስኮት እያየች ቀኑን በእጇ ትገለብጣለች። ኃላፊያችን አቶ ደሳለኝ የሌሎችንም ካርድ አስመጣ። የብዙ ስኳር ሕሙማን ካርድ በአንድ ቀን ቀድሞ ተጽፏል። የሌላ ሕመምተኛ ካርድ ስህተት የለበትም፣ የስኳሮቹ ብቻ። የስኳር ሕሙማን የሚስተናገዱበትን የካርድ ክፍል መስኮት የያዘችው ደግሞ እሷ ብቻ ናት። የእያንዳንዱ ቀጠሮ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሲከፈት ቀኑ ልክ ነው።

"ማሽኑ ልክ ነው፣ የተሳሳተው እጅ ነው" አለ አቶ ደሳለኝ።

የዛሬ ሳምንት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ይቀመጣል። ጥፋቷን አምና ከፈረመች ማስጠንቀቂያና ወደ ሩቅ ቀበሌ ዝውውር። ካልፈረመች ስንብትም ሊመጣ ይችላል። ዓይናቸውን ያጡ እናት አሏት፣ በምሳ ሰዓት እየሮጠች ሄዳ የምታበላቸው። እሳቸውን ይዛ የት ትሄዳለች?

መታወቂያዬ የመረጃ ቴክኖሎጂ ባለሙያ ይለኛል። ትምህርቴ ዲፕሎማ ነው፣ እሱንም በኤክስቴንሽን። ከዚያ በፊት ታይፒስት ነበርኩ። ጃቫ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የተማርኩት ባለቤቴ ዘውዲቱ ካረፈች በኋላ ነው። ቤቱ ጭር ሲልብኝ እጄን የማሲዘው ነገር ፈለግሁ። ሌላው ጠጅ ቤት ይሄዳል፣ እኔ ኮድ አነበብኩ።

የቀጠሮው ፕሮግራም የተጻፈው በጃቫ ነው። ነገ፦
– ኮዱን ላፕቶፔ ላይ መክፈት
– አዲስ አበባ፣ ፕሮግራሙን ከሠራው ድርጅት ኪሩቤል ጋ መደወል
– ለጥሩዓለም እንዳትፈርም መንገር
– ከአቶ ደሳለኝ ጋር አለመጨቃጨቅ (ይሄ ይከብደኛል)


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

ፕሮግራም በሩጫ ላይ እያለ ማቆም ይቻላል። የምትፈልገው መስመር ጎን ቀይ ነጥብ ታደርጋለህ፣ እዚያ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ከዚያ ኢቫሉዌት የምትባል መስኮት ትከፍትና ትጠይቀዋለህ። ይህ ቀጠሮ የማን ነው? ቀኑ ስንት ነው? በዚያ ላይ ሠላሳ ቀን ብጨምርበትስ? ወዲያው ይመልሳል። ኮዱን ሳትነካ፣ ፕሮግራሙን ከመሐሉ ይዘህ ማናገር ማለት ነው። ከተማርኩት ሁሉ እሷን እወዳታለሁ። እንደ ሰው አትቆጣም፣ ደግመህ ብትጠይቃት አትሰለችም።

ቀኑን ሙሉ ጠየቅሁት። የውሸት ሕመምተኛ አስገባሁ፣ ስሙን በራሴ ስም አንተነህ ሁለተኛ አልኩት። ቀጠሮ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት። ልክ። እንደገና፣ ልክ። ጳጉሜን የሚያቋርጥ ቀጠሮ ሰጠሁት። እዚህ ይያዛል ብዬ ነበር፣ አልተያዘም። አሥራ ሦስተኛዋን ወር ከእኔ በተሻለ ያውቃታል።

አቶ ደሳለኝ ብቅ ብሎ ስክሪኑን አየና "ጋሽ አንተነህ፣ በሐሰት እንዲመሰክርልዎት ማሽኑን እየለመኑት ነው?" አለኝ። ከካርድ ክፍል ሳቅ ሰማሁ።

"አልለመንኩትም፣ እየመረመርኩት ነው" አልኩት። አለመጨቃጨቅ ያልኩት በሁለተኛው ቀን ፈረሰ።

ጥሩዓለም ጉዳይዋ እስኪታይ ከሥራ ከታገደች ወዲህ የስኳር ቀጠሮ የምትሰጠው ነርሷ ናት፣ የግድግዳውን ካላንደር እያየች። አንድም ስህተት አልተገኘም። ይህም በጥሩዓለም ላይ ማስረጃ ሆነ።

ኪሩቤል በስልክ፦ "ጋሼ፣ እኔም እዚህ ያለኝ ቅጂ ላይ ሞክሬዋለሁ። ምንም የለበትም።" ትሑት ልጅ ነው። ትሕትናው ነው ያናደደኝ።

ከ9 ሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ባዶ ሆዴን ይዤ ተቀመጥኩ። በጾም ሰውነቴ ሲዝል እማማ የሺን አሰብኳቸው። እኔ ወድጄ ነው የምጾመው።


ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

አገኘሁት ብዬ ነበር። ውርደቴን በዝርዝር ልጻፈው።

ጠዋት ቀይ ነጥቡን ፕሮግራሙ ሕሙማንን ተራ በተራ እየጠራ የዕለቱን ዝርዝር የሚያወጣበት ቦታ ላይ አደረግሁ። መስኮቷ ውስጥ "ቀጣዩን ስጠኝ" ብዬ ጻፍኩ። አንድ ስም መጣ። ደገምኩት፣ ሌላ ስም መጣ። ፕሮግራሙን ስለቀው እነዚያ ሁለት ሰዎች ከዝርዝሩ ጠፍተዋል። አራት ጊዜ ሞከርኩ። በጠየቅሁት ቁጥር ሰው ይጠፋል።

ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ ኮሪደር ላይ ሮጥኩ። አቶ ደሳለኝ ቢሮ ገብቼ "ፕሮግራሙ ሰው ይጥላል" አልኩ። ነርሶችም ነበሩ። ለኪሩቤል ደወልን፣ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ተደርጎ። ያደረግሁትን ነገርኩት።

"ጋሼ" አለ፣ "ሰዎቹን የወሰዷቸው እርስዎ ነዎት። ቀጣዩን ስጠኝ ሲሉት ይሰጥዎትና ያልፋቸዋል። እርስዎ ባይጠይቁት ኖሮ አይዘላቸውም ነበር።"

ልክ ነው። ማየት ብቻ መስሎኝ ነካሁት። አንዳንድ ጥያቄ ያለውን ያሳይሃል፣ አንዳንዱ ያለውን ይለውጥብሃል። ይህን መጽሐፍ ላይ አንብቤው ነበር፣ አስምሬበትም ነበር።

ኮሪደሩን ተመልሼ በቀስታ ሄድኩ። ከኋላዬ አንዷ ነርስ "ጋሽ አንተነህ ሕመምተኞቹን ኪሳቸው ውስጥ ይዘዋቸው ሄዱ" አለች። እኔም ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

ራሴን ልጠይቅ፣ ይሄ እንኳ የሚያጠፋው ሰው የለም። የሮጥኩት ለጥሩዓለም ነው? ወይስ ኪሩቤልን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሰው ፊት ላሸንፈው? ሁለቱም ነው። ሁለተኛው በዛ።

ቢሆንም አልተውም። ነገም እጠይቃለሁ፣ እጄን ሰብስቤ።


ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ከሥራ ስወጣ ጥሩዓለም ቤት ሄድኩ። ጭቃው ጫማዬን ሊያስቀረው ምንም አልቀረው። ጠረጴዛው ላይ ተተይቦ የመጣ ወረቀት አለ፣ ብዕሩ ላዩ ላይ። "በቸልተኝነት የፈጸምኩት ጥፋት" ይላል።

"አትፈርሚ" አልኳት ገና ሳልቀመጥ።

"ጋሼ፣ ዓይኔ ደክሟል መሰለኝ። ሌላ ምን ልበል? ጽሑፉ የእጄ ነው።"

እናቷ ከመደቡ ላይ ሆነው "የደከመው የእኔ ዓይን ነው፤ የእሷን ተዉላት" አሉ። ማንም አልሳቀም። ምናልባት ሊያስቁን ብለው ይሆናል።

አንድ ነገር ለመንኳት። ሕመምተኛ እንደመጣባት አድርጋ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ እጇ የሚሠራውን እየነገረችኝ ታሳየኝ። ኮምፒውተር የለም፣ ጠረጴዛውን ኪቦርድ አደረገችው። ጣቶቿ ግን ሁሉንም ያውቁታል። የካርድ ቁጥር። ስም። የስኳር ክትትል። ከአንድ ወር በኋላ፣ ቀኑን ራሱ ያሰላዋል። ሰዓት፣ አሥራ ሁለት ተኩል። እሺ የሚለውን መጫን። ትንሿ መስኮት ትመጣለች፣ ከሷ ላይ መጻፍ።

"ስንት ሰዓት አልሽ?"

"አሥራ ሁለት ተኩል። ከሰኔ ወዲህ ላቦራቶሪው ለስኳሮቹ ማልዶ ይከፍት የለ እንዴ? ሳይበሉ ብዙ እንዳይቆዩ ተብሎ።"

አውቃለሁ። ማስታወቂያውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። እኔ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ስሞክር ያስገባሁት 2 ሰዓት ነው፣ እኔ ሥራ የምገባበትን ሰዓት። የስኳር ሕመምተኛ ሁለት ሰዓት አይመጣም። አሥራ ሁለት ተኩል የሚቀጠር ሌላ ሰውም ጤና ጣቢያው ውስጥ የለም።

እስከ ሰኞ እንዳትፈርም ቃል አስገባኋት። ብዕሩን እናቷ ጠይቀው ተቀበሏትና ከትራሳቸው ሥር አደረጉት።


ዓርብ፣ ነሐሴ 9

ገና ማንም ሳይገባ ቢሮ ደረስኩ። ቀይ ነጥቡን በትንሿ መስኮት መግቢያ ላይ አደረግሁ። አንተነህ ሁለተኛን ጠራሁት። በኢቫሉዌት ሰዓቱን እየቀያየርኩ ጠየቅሁ። የሚነካ ሳይሆን የሚያይ ጥያቄ ብቻ።

2 ሰዓት፣ ቀኑ ልክ።
1 ሰዓት፣ ልክ።
12 ተኩል፣ ሰዓቱ ልክ፣ ቀኑ በአንድ ቀን የቀደመ።

ተነሥቼ ቆምኩ። አማተብኩ። ደግሜ ጠየቅሁት፣ ያንኑ መለሰ። ጥሩዓለም ያየችውን ነው የጻፈችው። አንድም ፊደል አልሳተችም። የሳተው እሱ ነው።

ከዚያ የትኛው መስመር እንደሚያደርገው ለማየት አንድ አንድ እርምጃ አራመድኩት። ሦስተኛው እርምጃ ላይ ቀኑ ሲለወጥ አየሁ። ከመስመሩ በላይ ማስታወሻ አለ። "ሰዓቱን ወደኛ አቆጣጠር ለመመለስ። አንተነህ።"

የእኔ ናት።

የዛሬ ሁለት ዓመት ትንሿ መስኮት ሰዓትን በፈረንጅ ትናገር ነበር። የጠዋቱን ሁለት ሰዓት ስምንት ትላለች። ሰው ከሰዓት በኋላ መጥቶ ሐኪም ያጣል። የዚያን ጊዜውን ኃላፊ በቃል አስፈቅጄ ገባሁበትና ስድስት ሰዓት ቀነስኩ። ሠራች። የጠዋቱን አሥራ ሁለት ሰዓት ስሞክር ግን ዜሮ አለችው። ከስድስት ስድስት ሲቀነስ ዜሮ ነው። ነርሶቹ "ዜሮ ሰዓት ይምጡ" እያሉ ሳቁብኝ። እኔም አንዲት መስመር ጨመርኩ፦ ዜሮ ከሆነ አሥራ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ሂድ። አሥራ ሁለት ሰዓት የሌሊቱ መጨረሻ ነው፣ የሌሊቱ ነው ብዬ። ሰዓቱ አሥራ ሁለት ሆኖ ወጣ። ደስ አለኝ። ለኮምፒውተሩ ግን ቀን የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፣ ወደ ኋላ ሂድ ስለው ትናንት ገባ። ሰዓቱን ብቻ አየሁ፣ ቀኑን አላየሁም።

በዚያን ጊዜ በዚያ ሰዓት የሚቀጠር ሰው አልነበረም። መስመሯ ሁለት ዓመት ተኛች፣ እኔም ረሳኋት። ሰኔ ላይ ላቦራቶሪው ሰዓት ሲለውጥ ነቃች። የዕለቱ ዝርዝር ቀኑን በቀጥታ ነው የሚያወጣው፣ በእኔ መስመር አያልፍም። ኪሩቤል ጋ ያለው ቅጂ ደግሞ የእኔ መስመር የለበትም፣ ስለዚህ እሱ ምንም አያገኝም።

እማማ የሺን በር ላይ የጣልኳቸው እኔ ነኝ።

ለማንም ሳልናገር ወጣሁ።


ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

ያሉኝ መንገዶች፦
– መስመሯን አጥፍቶ ዝም ማለት። ማንም አያውቅም። ጥሩዓለም ትፈርማለች።
– መስመሯን አጥፍቶ ፕሮግራሙ ስህተት ነበረበት፣ አስተካከልኩት ማለት። ጥሩዓለም ትድናለች። ኪሩቤል ይወቀሳል። እኔ እመሰገናለሁ።
– እውነቱን መናገር። ውሉ ከድርጅቱ ባለሙያ በቀር ማንም ኮዱን እንዳይነካ ይላል። የፈቀደልኝ ኃላፊ ሌላ ቦታ ተዛውሯል፣ ወረቀት የለኝም።

ሁለተኛይቱን ስጽፍ እጄ ፈጠነ። እዚህ ያለውን ጽሑፍ ያየ ያውቅብኛል፣ ወደ ቀኝ አዘንብሏል። ሳምንቱን ሙሉ ማሽኑ ነው፣ ማሽኑ ነው ስል የከረምኩ ሰው አሁን ማሽኑ ነው ለማለት ምን ያግደኛል?

መስመሯን አላጠፋሁም። በኢቫሉዌት ግን ያለሷ ቢሆንስ ብዬ ጠየቅሁት። ቀኑ ልክ መጣ። መጠየቅ ብቻ። እስከ ሰኞ እንዳለች ትቆይ።

ከሰዓት በኋላ እማማ የሺን ልጠይቅ ሄድኩ። ልጃቸው ቤት አርፈዋል፣ ከገበያው ጀርባ። ደኅና ናቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። የመጣሁበትን ተናገርኩ። ስለ መስመር፣ ስለ ዜሮ ሰዓት። ምን ያህሉ እንደገባቸው አላውቅም። አቀርቅሬ ስጨርስ እንዲህ አሉኝ፦

"ቀኔን የወሰድህብኝ አንተ ነህ በለኛ።"

"እኔ ነኝ፣ እማማ።"

"ያቺ የካርዷ ልጅ ታውቃለች?"

"ገና አልነገርኳትም።"

"ታዲያ እኔ ዘንድ ምን ትሠራለህ? እኔ በልቼ ተነሥቻለሁ። ተኝታ የማታድረው እሷ።"

ይቅር ብለውኛል ወይስ አባረውኛል? ውኃ እንኳ ቅመስ አላሉኝም። ጾም መሆኑን አይተው ይሆናል። ስወጣ መንገዱ ረዘመብኝ። ቀላሉን ሰው መርጬ ነው የሄድኩት። ዘውዲቱ ብትኖር ይህንኑ ነበር የምትለኝ፣ እሷማ ገና ከበር ሳልወጣ ትለኝ ነበር።


እሑድ፣ ነሐሴ 11

ቅዳሴ ላይ ቆሜ ሐሳቤን መሰብሰብ አቃተኝ። ስንወጣ ጥሩዓለምን ደጀ ሰላሙ ጋ ጠበቅኋት። በነጠላዋ ተሸፍናለች፣ ከዐይኗ በቀር አይታይም። ነገርኳት። አላሳጠርኩትም፣ አላስረዘምኩትም።

ነጠላዋን ከአፏ ላይ ዝቅ አደረገች። ከዚያ "ዐሥር ቀን ዓይኔን ስረግም" አለች። "መነጽር ልገዛ ነበር፣ ጋሼ። እናቴን ማን ያያታል ብዬ እያለቀስኩ።"

ይቅርታ አልኳት። እግዚአብሔር ይቅር ይበልዎት አላለችም። የሚባለውን ሳትል ስትቀር መጀመሪያ ከፋኝ፣ ኋላ ግን መብቷ ነው አልኩ። ይቅርታ ስለጠየቅሁ ወዲያው ይሰጠኝ ለማለት ምን መብት አለኝ?

ጥቂት ከሄደች በኋላ ዞረች።

"ነገ ይናገራሉ?"

"እናገራለሁ።"

"ቢያቅትዎትም እኔ አልፈርምም። ወረቀቱን አሁን እቀደዋለሁ።"

እንዲህ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ከመስኮት ጀርባ ሆና እሺ ስትል ነው የማውቃት። ቤቴ ስገባ ፍርሃቴ ቀሎ ነበር። እሷ የእኔን መናገር ካልጠበቀች፣ የምናገረው እሷን ላድን አይደለም ማለት ነው። መናገር ስላለብኝ ብቻ ነው። እንዲያ ይሻላል።


ሰኞ፣ ነሐሴ 12

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። ጥሩዓለም ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ላፕቶፑን ጠረጴዛው መሐል አደረግሁና ፕሮግራሙን አቆምኩት። አቶ ደሳለኝን ራሱ እንዲጽፍ ጠየቅሁት። እጄ ነካው እንዳይባል።

"2 ሰዓት ብለው ይጠይቁት" አልኩ። ጠየቀ። ልክ።

"አሁን 12 ተኩል።"

ጻፈ። መልሱን አየ። ካላንደሩን አየ። ሌላ ቀን አስገብቶ ደገመው፣ ከዚያ ሌላ። ከኮሚቴው አንዷ እማማ የሺን በር ላይ ያነሣቻቸው ነርስ ናት። "ስለዚህ ልጅቷ ያየችውን ነው የጻፈችው" አለች።

"ያየችውን ነው" አልኩ። "ያሳየኋት ደግሞ እኔ ነኝ። ይህችን መስመር የጻፍኳት እኔ ነኝ።"

አቶ ደሳለኝ ማስታወሻውን ጮክ ብሎ አነበበው፣ ስሜን ጭምር። ያሾፋል ብዬ ነበር። አላሾፈም። "ጋሽ አንተነህ፣ ይህን ባይነግሩን ማን ያውቅ ነበር?" አለ።

"እኔ።"

ለኪሩቤል ደወሉ። ሰማ፣ መስመሯን በስልክ አነበብኩለት። "ጋሼ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት መቀነስ አልነበረብዎትም፣ ዜሮውን አሥራ ሁለት ብሎ መጻፍ ብቻ ይበቃ ነበር" አለኝ። አንዲት ቃል መቀየር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው አጠገቧ ተቀምጬ።

የተወሰነው፦ የጥሩዓለም ክስ ተነሣ፣ ዛሬውኑ ወደ መስኮቷ ትመለስ። የእኔ ጉዳይ ገና ነው። እስኪወሰን ኮድ እንዳልነካ። እስከ ሐሙስ በጽሑፍ መልስ እንድሰጥ። ሰርቨሩ ያለበትን ክፍል ቁልፍ አስረከብኩ።

ከዚያ ካርድ ክፍል አለፍኩ። ጥሩዓለም የተሰበሰበውን የስኳሮቹን ካርድ ቆልላ ተቀምጣለች። በተሳሳተ ቀን ተቀጥረው ቀናቸው ገና ላልደረሰ ሁሉ ልትደውልላቸው ነው። ቀና ብላ ሳታየኝ አጠገቧ ያለውን ወንበር በእግሯ ገፋችልኝ። እኔ ትክክለኛውን ቀን ከዝርዝሩ አነባለሁ፣ እሷ ካርዱ ላይ ታርማለች፣ ትደውላለች። ሥራ መውጫ እስኪደርስ አንድም ሌላ ቃል አልተነጋገርንም። ስዘገይ ብቻ "ይቀጥሉ" ትለኛለች።

አሁን መልሴን ጀመርኩ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አላስቸገረኝም፦ ስህተቱን የፈጸምኩት እኔ ነኝ፣ ስለዚህም ሕሙማኑንና ወይዘሮ ጥሩዓለምን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሁለተኛው ላይ ብዙ ቆየሁ። ትሕትና የጎደለው ነው ይሉኛል፣ ምናልባት ከቦታዬ ያስነሣኝ ይሆናል። እንዲህ ይላል፦ ማሽኑ በሰዓታችን እንዲናገር በማድረጌ ግን አልጸጸትም።

ሁለት ጊዜ ሰረዝኩት። ሁለት ጊዜ መልሼ ጻፍኩት። አሁን አለ።